ነፋስ የማይገባው ቤቴ

ወገኖቼ፣ ጌታ ለቤቴ ያደረገውን ሳልናገር ዛሬ ከዚህ ብነሳ ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ የሚያድር ይመስለኛልና ትንሽ ጊዜ ስጡኝ። ትርንጎ፣ አታፍጥጪብኝ፤ ቀስ ብዬ ነው የምናገረው። ባለቤቴ ናት፤ ድምፄን ፈርታ ነው። እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ ድንጋይ ስደበድብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዝግ ብሎ ማውራት አልተፈጠረልኝም። በር ላይ ያለሽው እህታችን፣ የቀበሌ ሰው ካለፈ እጅሽን አንሺልኝ፣ ያኔ ጸጥ እላለሁ። ጌታ ይባረክ! አሜን በሉ እንጂ፤ በሹክሹክታም ቢሆን አሜን አሜን ነው።

ከጋሸና ለመጣችሁት እንግዶች፣ ደምሴ እባላለሁ፤ ግንበኛ ነኝ። እዚሁ ላሊበላ ተወልጄ እዚሁ ያደግሁ ነኝ። የኛን አገር ሰው ታውቁታላችሁ፣ አባቶቻችን ከአንድ አለት ቤተ መቅደስ ፈልፍለው አወጡ እያልን ነው የምናድገው። እኔም በዚህ ልቤ አብጦ፣ ቤቴን ስሠራ ከተራራው ሥር ገባሁና የጓዳውን ጀርባ ከአለቱ ጠርቤ አወጣሁት። ሦስቱ ግድግዳ ድንጋይና ጭቃ፣ አራተኛው ራሱ ተራራው! ጣሪያው ቆርቆሮ። ሰው እየመጣ ያይልኝ ነበር።

አንድ ትምክህት ደግሞ ነበረችኝ። «ደምሴ የሠራው ቤት ነፋስ አይገባውም» ይባል ነበር። ይባል ነበር ስላችሁ፣ አብዝቼ የምለው እኔው ነኝ። ቤት ሠርቼ ሳስረክብ ጧፍ ለኩሼ በግድግዳው ጥግ ጥግ፣ በመዝጊያው ሥር አስኬደዋለሁ። ነበልባሉ ከተወዛወዘ ቀዳዳ አለ ማለት ነው፣ እንደገና እመርገዋለሁ። ቀጥ ብሎ ከቆመ «በል፣ ብርድ ከቤትህ ወጣ፣ ልጅህን አሳድግ» ብዬ እመርቃለሁ። የትርንጎ ወንድም ሽፈራው በሳር ቤቱ ይኖራል፤ ግድግዳው የተሰነጠቀ፣ ጣሪያው የሳሳ ነው። እኔ ቤቱን «ወንፊት» ነበር የምለው። ሰላምታዬ ራሱ «ወንፊቱ እንዴት ነው?» ነበር። እሱ ይስቃል። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ስንት ጊዜ በሰው ፊት አሳቅሁበት!

እንግዲህ ያ ክፉ ድርቅ አልፎ ዝናብ በተመለሰበት ዓመት ነው። ክረምቱ ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ ማቆሚያ አጣ። ዝናቡን ማን ደፍሮ ያማል? ደስ ብሎን «ተመስገን» እያልን እናዳምጠዋለን። በዚያ ክረምት ልጄ የሺ መሳል ጀመረች። ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ተራ ሳል ነበር፤ ኋላ ደረቷ እንደ ወናፍ ወጣ ገባ ማለት ጀመረ፣ ትንፋሿ ያፏጫል። አንድ ነገር ልትነግረኝ «አባባ» ትልና ታርፋለች። «ዛሬ» ትልና ታርፋለች። የጀመረችውን ሳትጨርስ ይደክማትና ትተወዋለች። ትንሹ ወንድሟም ዓይኑ እንዳለቀሰ፣ አፍንጫው እንደፈሰሰ ይውላል፤ እሱ ግን እንደሷ አልከፋበትም።

እናቴ ከኛው ጋር ነው የምትኖረው። «ብርድ ነው፤ ነፋስ መትቷታል፤ ዝጉ!» አለች። የእናት ቃል ነው፣ ሙያዬም እሱው ነው፣ ዘጋሁ። ባሰባት። የጓዳውን መስኮት በድንጋይ ሞልቼ በጭቃ ደፈንኩት። ደግሞ ባሰባት። በመዝጊያው ሥር ጨርቅ ወተፍኩ። ፌጦው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዳማከሴው፣ ያልቀመሰችው የለም። ልጅቷ መደቡ ላይ አለቱን ተደግፋ ተኝታ፣ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርበንባት፣ እኔ «ገና የምትገባ ነፋስ አለች» እያልኩ ጧፍ ይዤ ቀዳዳ እፈልጋለሁ። ወይ አለማወቅ!

የጓዳው ግድግዳ ደግሞ ይጠቁራል። ነጥብ ነጥብ ይጀምርና ይሰፋል፤ አረንጓዴም አለው። ትርንጎ በየሳምንቱ በእበት ትለቀልቀዋለች። ሁለት ቀን ያምርና ደግሞ ብቅ ይላል። «ይሄ ነገር ምንድነው?» ስትለኝ «ልቅለቃሽ ቀጥኖ ነው» አልኳት። በሷ አሳበብኩ፣ አያችሁ? ወገኖቼ፣ እስቲ ፍረዱ፤ እንጀራ ሲሻግት አንስተን እንጥላለን፤ ግድግዳ ሲሻግት ግን ልጅ አስጠግተንበት እናስተኛለን።

በመጨረሻ የሺን አዝዬ አሸተን ማርያም ገዳም ወጣሁ። ያን ዳገት ታውቁታላችሁ። ትርንጎ ስንቅ ይዛ ከኋላዬ፣ የሺ ጀርባዬ ላይ ሲር ሲር እያለች። መነኮሳቱ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ማደሪያ ሰጡን፣ ጸበሉን ጠጣች፣ ተጠመቀች። ሦስት ቀን ሰነበትን፤ ልጅቷ ለጥ ብላ ተኛች! ፉጨቱ ጠፋ። እልል ብለን ወረድን፤ ቤት ገባን፤ ዘጋን። በሁለተኛው ቀን ወናፉ ተመለሰ። እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። «ምን በድዬ ነው?» አልኩ። የማውቀው ኃጢአት ሁሉ አንድ በአንድ ታየኝ፤ ያቺ ዋናዋ ግን አልታየችኝም።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ዝናቡ እየወረደ፣ የሺ ከንፈሯ ጠቆረ። ተሸክሜያት ጤና ጣቢያ በረርኩ፤ ትርንጎ በባዶ ራሷ ተከተለችኝ። አዲስ የተመደበ ሐኪም አገኘን፣ ማርቆስ ይባላል፣ የወላይታ ልጅ። ጢሙ እንኳ በቅጡ አልወጣም። «ሰው አጡና ሕፃን ላኩብን» አልኩ በሆዴ። እሱ ግን ቀልጠፍ ብሎ ቀና አድርጎ አስቀመጣት፣ መርፌ ወጋት፣ ጀርባዋን ይዞ አብሯት ተቀመጠ። ትንፋሿ እስኪመለስ ስንጠብቅ አየዋለሁ፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

«ምን እያልክ ነው?» አልኩት።

«እየጸለይኩ ነው፣ አያ ደምሴ።»

«በማን ስም?»

«በጌታ በኢየሱስ ስም።»

አላማተበም። በአንገቱ ማተብ የለም። ገባኝ፤ ጴንጤ! የዚያን ጊዜውን ነገር ታውቁታላችሁ፣ ዛሬም እዚያው ውስጥ ነን። አንዲት ቃል ለቀበሌ ጠብ ካደረግክ ሰውዬው አለቀለት። እኔም በልቤ «ቆይ ብቻ፣ ልጄ ትዳንልኝና አሳይሃለሁ» አልኩ። ልጄን እያዳነ ያለ ሰው ላይ ነው ይሄን የማስበው።

የሺ ሲለቃት ሐኪሙ ወደ ትርንጎ ዞረ። «የት ስትሆን ነው የሚሻላት?» አላት።

«አሸተን ሳለን ደህና ነበረች። ቤት ስንገባ መለሰባት።»

«ጸበሉ ነዋ!» አልኩ እኔ።

እሱም አልተከራከረኝም። «እግዚአብሔር እዚያ አልነበረም አልልም፣ አያ ደምሴ። እስቲ ግን ቤታችሁን ልየው» አለ።

መጣ። ገና ከደጃፍ አፍንጫውን አነሳ። ጓዳ ገብቶ ከመደቡ ጀርባ ያለውን አለት በመዳፉ ዳሰሰና እጁን አሳየኝ፣ እርጥብ ነው። «ይሄ ግድግዳ ውሃ ይተፋል» አለ። «የኔ ግድግዳ?» አልኩ። «ይሄ ጥቁሩ ሻጋታ ነው። ቤቱ ስለታፈነ አይደርቅም፣ በእበት ስትለቀልቁት ደግሞ ታጠጡታላችሁ። ልጅቷ እሱን እየማገች ነው የምታድረው» አለ። ከዚያ የየሺን ቁርበት ጫፉን ይዞ ሊገልጥ ሲል እጁን ለቀም አደረግሁት። «የሰው መኝታ አይገለጥም! ውጣ! ገና ትናንት የመጣህ ልጅ ስለ ድንጋይ ለኔ ልትነግረኝ?»

እናቴም «ልጄ፣ ይውጣልህ፣ ብርድ አስገባብን» አለች፤ በሩን ክፍት ትቶት ነበርና።

ደጃፍ ላይ ቆሞ ዝናብ እየመታው እንዲህ አለኝ፤ «አያ ደምሴ፣ ምን እንደሆንኩ እንዳወቅክ አውቃለሁ። ሰባት ቀን ብቻ ልጅቷን ከዚህ ቤት አውጣት። ምግቧን አትቀይር፣ ቤቱን ብቻ ቀይር። ካልተሻላት ቀበሌ ሂድና ክሰሰኝ። ሲጠይቁኝ አልክድም።»

ቅዱሳን፣ ይህን ቃል ያዙልኝ። ዘመዴ አይደለም፣ ያገሬ ሰው አይደለም፣ ስሜን ካወቀ ገና ግማሽ ቀኑ ነው። ለኔ ልጅ ትንፋሽ ብሎ አንገቱን አስያዘኝ! ክብር ለጌታ ይሁን!

እሺ፣ እሺ ትርንጎ፣ ዝቅ አደርጋለሁ።

እኔ ግን ያኔ ይሄ አልታየኝም። «ሰባት ቀን? ይሁንልህ!» አልኩና ተስማማሁ። ታዲያ ልጅቷ የት ትሂድ? በቅርብ ያለ ዘመድ ሽፈራው ነው። ወንፊቱ! ትርንጎ ሳቋን በነጠላዋ ሸፍና ልጆቹን ይዛ ሄደች።

እውነቱን ልናገር? ምስክርነት ነው፣ መደበቅ አይገባም። በነዚያ ቀናት እንዳይሻላት ፈለግሁ። እንድትሞትብኝ አይደለም፣ ይቅር ይበለኝ፤ ግን አንድ ሁለቴ ብትስል፣ ትንሽ ብታፏጭ፣ «አያችሁ፣ ቤቴ አይደለም» ለማለት። በገዛ ልጁ ሳል የሚደሰት አባት ሆኜ ነበር። ሦስት ቀን ሳልሄድ ዋልኩ። ትርንጎ ስትመላለስ «እንዴት ናት?» እላታለሁ፤ «ሄደህ እያት» ትለኛለች፣ ሌላ አትጨምርም። ተንኮለኛ!

በአራተኛው ቀን፣ ገበያ ቀን ነው፣ ሄድኩ። ገና ከአጥሩ ሳልገባ የየሺን ድምፅ ሰማሁ። እየሮጠች መጣችና ጉልበቴን አቀፈችኝ። «አባባ፣ እዚህ ቤት ተኝተን ሰማይ ይታያል፣ ጋሼ ሽፈራው ዶሮዋ ስድስት ጫጩት ፈለፈለችለት አንዷ ጥቁር ናት እኔ ነኝ የማሳድጋት ትላንት ምጣዱ ሥር ገብታ አጣናትና አለቀስኩ ኋላ ግን ወጣች!»

ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ! መሐል ላይ አላረፈችም። ደረቷን በእጄ ዳበስኩት፤ ጸጥ ብሏል። በየግድግዳው ስንጥቅ ነፋስ ይገባል፣ ጋቢዬን ያወዛውዘዋል። ሽፈራው ደጃፉ ላይ ቆሞ ያየኛል። «ወንፊት» ብሎ ቢመልስልኝ ይገባኝ ነበር፤ እሱ ግን «ግባ፣ ቆሎ ቅመስ» ብቻ አለኝ። መቀመጥ አልቻልኩም። ዓይኔ ሞልቶ ነበር፣ ፊቴን አዙሬ ወጣሁ።

ቤቴ ማንም የለም። ትርንጎና እናቴ ገበያ ናቸው። ጓዳ ገባሁና ያን ሐኪሙን የከለከልኩትን ቁርበት ገለጥኩት። ሥሩ ነጭ ጸጉር አብቅሏል፤ መደቡ እንደ ጭቃ ለስልሷል፤ አለቱ ላብ ያፈሳል፤ ከትራሷ በኩል ጥቁሩ ነገር እንደ ጥላ ተዘርግቷል። ሽታው አፌ ውስጥ ገባ። እንደ ልማዴ ጧፌን ለኮስኩ። ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ንቅንቅ የለም። ዕድሜዬን ሙሉ የኮራሁበት ነበልባል ያኔ አስፈራኝ። ልጄን በገዛ እጄ፣ በሙያዬ፣ በጥንቃቄ አፍኛታለሁ።

ተንበረከክሁ። እንዴት እንደሚጸለይ ጠፋኝ። «ጌታ ሆይ፣ ያ ልጅ የሚጠራህ ጌታ ሆይ፣ እኔ ግንብ አውቃለሁ እል ነበር፣ ምንም አላውቅም። ማረኝ። ልጄን ማርልኝ» አልኩ። ወገኖቼ፣ ሌላ አላልኩም። ከዚያ ተነስቼ ዲጅኖዬን አነሳሁና በደፈንኩት መስኮት ጀመርኩ። ድንጋዩ ሲወድቅ አላቆምኩም፤ ከመስኮቱ አልፌ የምሥራቁን ግድግዳ ሰው በሚያሳልፍ ልክ ከፈትኩት። ብርሃን ገባ። ያ ጓዳ ከተሠራ ጀምሮ እንዲህ ያለ ብርሃን አላየም።

እናቴ ከገበያ ስትመለስ «ኡ ኡ! ልጄን አሳበዱት!» አለች። ጎረቤት ተሰበሰበ። የቀበሌው ሊቀመንበርም መጣ።

«ጓድ ደምሴ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«መስኮት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«በፈቃድ ነው?»

«ልጄ ለመተንፈስ ፈቃድ ካስፈለጋት ወረቀቱን አምጣው፣ አሁኑኑ እፈርማለሁ።»

ሰው ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም። «ማነው የመከረህ?» አለኝ። እዚህች ላይ፣ ቅዱሳን፣ ምላሴ ላይ ነበረች፤ ያቺ አንዲት ቃል። ሰባቱ ቀን አልሞላ፣ የማርቆስ አንገት በእጄ ነው። «ሐኪሙ ነው። ጎበዝ ሐኪም ልከውልናል፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው» አልኩ። ሊቀመንበሩ የወደቀውን ድንጋይ በእግሩ ገፋ አድርጎ ሄደ።

ከዚያ በኋላማ ሥራ ብቻ ሆነ። ማርቆስ እጅጌውን ሰብስቦ መጣ፤ ዓይኑን ማየት አፍሬ «ዲጅኖ ትይዛለህ?» ነው ያልኩት። መደቡን አፍርሰን አወጣነው። ቁርበቱን አቃጠልን። ግድግዳውን ፍቀን በኖራ ለቀለቅነው። ተራራው ለምን ውሃ እንደሚተፋ ለማየት ደግሞ ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ ወረድን። ስንት ዓመት የተመላለስኩበት ቦታ ነው! አባቶቻችን በአለቱ ዙሪያ ቦይ ፈልፍለዋል፣ ውሃው ከግድግዳው ርቆ እንዲወርድ። ግድግዳውን ሳደንቅ ኖሬ ቦዩን አላየሁትም። ተመልሰን ከቤቴ ጀርባ ቦይ ቆፈርን፤ የልጆቹን አልጋ ከአለቱ አንድ ክንድ ከግማሽ አርቀን ሠራን። ግድግዳው እስኪደርቅ ልጆቹ ወንፊቱ ቤት ሰነበቱ።

አንድ ከሰዓት በኋላ አዲሱ መስኮት ሥር ተቀምጠን ጠየቅሁት። «ማርቆስ፣ ብከስህ ኖሮስ? ለማታውቀው ሰው ልጅ እንዲህ ይደረጋል?»

«ለኔም ገና ሳላውቀው የተደረገልኝ አለ፣ አያ ደምሴ» አለና ስለ ጌታ፣ ስለ መስቀሉ ነገረኝ። ስለ መስቀል እኮ ከሕፃንነቴ ጀምሮ እሰማለሁ። ያን ቀን ግን ለኔ ለደምሴ የተደረገ ሆኖ ገባኝ፤ አንገቱን ያስያዘልኝን ሰው በዓይኔ አይቻለሁና አልቸገረኝም። እዚያው መስኮት ሥር አመንኩ። ሃሌ ሉያ! ትርንጎ ቀድማኝ አምና ኖሯል፣ አልነገረችኝም!

የሺ ወደ ቤት የገባች ቀን ጧፌን ለኮስኩ። ሽፈራውም፣ እናቴም ቆመዋል። በግድግዳው ጥግ ጥግ አስኬድኩት፤ ነበልባሉ ተወዛወዘ፣ ጎንበስ ቀና አለ፣ ጠፋ! እናቴ እልል አለች። ዛሬም እናቴ ማለዳ ኪዳን ለማድረስ ቤተ ክርስቲያኗ ትሄዳለች፣ እኔ አልከለክላትም፣ እሷም ትመርቀኛለች። ግን ከመውጣቷ በፊት የየሺን መስኮት የምትከፍተው እሷ ናት። «ልጅቷ ታፍናለች» ትለናለች፤ መጀመሪያ ያገኘችው እሷ ይመስል!

አንዳንድ ወንድም «ታዲያ ይሄ መስኮት ነው እንጂ ፈውስ ነው ወይ?» ይለኛል። አንተ ወንድሜ፣ እኔን አታውቀኝም! ደምሴን የገዛ ግድግዳውን ማስፈረስ ተአምር ካልሆነ ምን ተአምር አለ? መርፌውም የጌታ ነው፣ ኖራውም የጌታ ነው። የሺ በክረምት አንዳንዴ ትስላለች፤ ያኔ ጤና ጣቢያ እንወስዳታለን፣ እንጸልያለን፣ መስኮቱንም እንከፍታለን። ሦስቱም አልተጣሉብንም። ማርቆስን ወደ ሌላ አገር አዛወሩት፤ ያለበትን ጌታ ያውቃል፣ በጸሎት አስቡት። እኔን ደግሞ መጀመሪያ «የገዛ ቤቱን ያፈረሰ ግንበኛ» ብሎ ሰው ሥራ ነሳኝ፤ አሁን ከኮን ከተማ ድረስ ይጠሩኛል። «ነፋስ የሚገባው ቤት ሥራልን» ይሉኛል። ሽፈራውን ግን ወንፊት ብዬ አልጠራውም፤ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ ስንጥቁንም ልመርግለት ብለው «ተወው፣ የሺ ሰማይ ታይበታለች» አለኝ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ከመካከላችሁ ልጁ የታመመበት፣ ልቡ የታፈነበት ካለ፣ ለጌታ ክፈቱለት። ብርድ ያስገባብኛል ብላችሁ አትፍሩ፤ እኔ ፈርቼ ልጄን ላጣት ነበር። ጌታ ደግ ነው። እኔን የታገሠ እናንተን ይታገሣል።

የሺ፣ ነይ የኔ ልጅ፣ እዚህ ቁሚና መዝሙሩን አንሺልን። ትልቅ ልጅ ሆናለች፣ አያችኋት? በር ላይ ያለችው እህታችን እጇን አንስታለች፣ ሰው እያለፈ ነው። ቀስ በይ እናቴ፣ ድምፅሽን ቀንሺ። ወይ ጌታ! አንዲት ቃል ጨርሺልኝ ብዬ ያለቀስኩባት ልጅ፣ ይኸው ዛሬ ድምፅሽ በዛ ብዬ እለምናታለሁ።

መስኮቱን ግን አትዝጉት።